ሁለቱ ዲናሮች
የታመመን የመንከባከብ ክርስቲያናዊ ታሪክና የእኛ ማኅበር



እዚህ ናይሮቢ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲታመም የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ ይደወላል፣ ሾርባና ገንፎ ተይዞ ይጠየቃል። የሆስፒታሉ ሒሳብ ሲነገር ደግሞ ወረቀት ይዞርና ሁሉም እንደ አቅሙ ይጽፋል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚዞረው ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ነው። ዘመድና ወዳጅ የበዛለት ብዙ ይሰበሰብለታል፤ በቅርቡ የመጣና ሰው የማያውቀው ግን ጥቂት ያገኛል። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ክርስቲያኖች ይህን ችግር እንዴት እንደተወጡት በአጭሩ ማስታወስ ፈለግሁ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ስለ ርኅራኄው፣ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ስለ ማፍሰሱ ነው። እኔ ግን በሱቅ ሥራ የምኖር ሰው ስለሆንሁ ዓይኔ የሚያርፈው በሒሳቡ ላይ ነው። ሳምራዊው በማግስቱ ለእንግዶች ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ ቢያወጣም ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። ስለዚህ ሳምራዊው ለማያውቀው ሰው የሁለት ቀን ደመወዝ አስቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። ርኅራኄው በእንባ ብቻ አልቀረም፤ የሚያስታምም ሰውና የሚከፈል ገንዘብ ነበረው።

ይህን ነገር ወደ ትልቅ ሥራ ከለወጡት አንዱ፣ በቅዳሴው የምናውቀው የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር በቀጰዶቅያ ብርቱ ረሃብ ከሆነ በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ለበሽተኞች፣ ለድኆችና ለእንግዶች ማረፊያ ሠራ። በለምጽ ምክንያት ሰው የሚሸሻቸው ሁሉ በዚያ ተቀባይነት አገኙ። ባስልዮስ ለአገረ ገዥው በጻፈው ደብዳቤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች እንደሚያስፈልጉ ገልጾ ሥራውን ከሚቃወሙት ተከላክሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንስ በሃይማኖት ከባስልዮስ ጋር ባይስማማም ለእነዚያ ድኆች መሬት እንደሰጠ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሬት ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው፣ በሽተኛን የመርዳት ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን በአንድ ጠረጴዛ የሚያቀርብ ጉዳይ መሆኑን ነው።

አንዳንዶቻችን ለሕመም ገንዘብ ማስቀመጥ በሽታን መጥራት፣ ወይም በእግዚአብሔር አለመታመን ይመስለናል። ለዚህ በአገራችን በቅርቡ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። መድኃኒት መዋጥ ከእምነት ካልተጣላ፣ ለመድኃኒቱ የሚሆነውን ገንዘብ አስቀድሞ ማዘጋጀትም አይጣላም።

አሁን ወደምንኖርበት ወደ ኬንያ እንምጣ። የኪኩዩ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1908 በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን፣ የኪጃቤ ሆስፒታል በ1915 በአፍሪካ ኢንላንድ ሚሽን፣ ናይሮቢ ያለው ማተር ሆስፒታል ደግሞ በ1962 በካቶሊክ መነኮሳት ተከፈቱ። ከእኛ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በእነዚህ ቤቶች ወልደዋል፣ ታክመዋል። ይሁንና የሚሲዮን ሆስፒታልም ቢሆን ሐኪሙን፣ መድኃኒቱንና መብራቱን በገንዘብ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ታካሚው ይከፍላል።

የኬንያ መንግሥት ይህን ሸክም ለማካፈል ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድን እ.ኤ.አ. በ1966 አቋቋመ። በጥቅምት 2024 አዲሱ የማኅበራዊ ጤና መድን ተተካ። በአዲሱ ሕግ ደመወዝተኛ ከደመወዙ 2.75 በመቶ ይከፍላል፤ እንደ እኛ በግሉ የሚሠራው ክፍያው በቤተሰቡ ገቢ ግምት ይወሰናል፤ ዝቅተኛውም በወር 300 ሽልንግ ሆኖ ተደንግጓል። ከ12 ወር በላይ በአገሩ የኖረ የውጭ ዜጋም መመዝገብ እንዲችል ሕጉ ይፈቅዳል። በአገራችንም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ ተስፋፍቷል። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፤ ጤነኛው ዛሬ ይከፍላል፣ የታመመው ዛሬ ይታከማል፣ ነገ ተራው የማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድር ማለት እኮ ይኸው ነው። ሰው ከመሞቱ በፊት በየወሩ እናዋጣለን፤ ለቀስተኛ ሲመጣ ድንኳኑና ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ለሞተው አስቀድመን ስናስብ፣ በሕይወት ላለው በሽተኛ ግን ሒሳቡ እስኪመጣ መጠበቃችን ልክ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለአባላት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ወረቀት ያላቸውን አባላት በመድኑ እንዲመዘገቡ ይርዳ፤ ቅጹን መሙላት የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸውና ወጣቶቻችን ይህን ሥራ ቢይዙት መልካም ነው። ሁለተኛ፣ መመዝገብ ለማይችሉት፣ በተለይም ጉዳያቸው ላላለቀላቸው ስደተኞች፣ በየወሩ ትንሽ የምናዋጣበት የሕሙማን ሣጥን ይቋቋም። ሒሳቡም እንደ እድር ሒሳብ በየጊዜው ለጉባኤ ይቅረብ። በማኅበራችን ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም፣ ሙስሊምም አለ። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ወገንህ ማን ነው ብሎ ስላልጠየቀ፣ ሣጥኑም መጠየቅ የለበትም።

እግዚአብሔር ሕሙማንን ይማርልን፤ ማኅበራችንን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርስልን።