የስኳር ሕመም የእግር ቁስለት፡ የሕክምና ወጪውና የጤና መድን ሽፋኑ

የስኳር ሕመም የሚያስከትለው የእግር ቁስለት ሕሙማንን ለረጅም የሆስፒታል ቆይታና ለከፍተኛ ወጪ ከሚዳርጉ የጤና ችግሮች አንዱ ነው።

በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮችና የደም ሥሮች ይጎዳሉ። በዚህም ሳቢያ ጠባብ ጫማ ወይም እሾህ ያደረሰው ትንሽ ቁስል ሕመም ሳይሰማ ሊመረቅዝ ይችላል። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ከሚቆረጥ ሰዎች መካከል እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት አስቀድሞ የእግር ቁስለት የነበረባቸው መሆናቸውን ጥናቶች ያመለክታሉ።

ቁስሉ በጊዜ ከታየ በጤና ጣቢያ ደረጃ በማጠብና በማሸግ፣ በመድኃኒትና በስኳር ቁጥጥር ሊድን ይችላል። ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ከዘለቀ ግን የአልጋ፣ የላቦራቶሪ፣ የራጅ፣ የመድኃኒትና የቀዶ ሕክምና ክፍያ ይደራረባል። የወጪውን ክብደት ለመገንዘብ ያህል፣ በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014/15 ለዚሁ ችግር ያወጣው ገንዘብ ከ837 እስከ 962 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚገመት አንድ ጥናት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ይህን መሰሉን ወጪ ለመጋራት ከተዘረጉት ሥርዓቶች ዋነኛው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ተጀምሮ በሂደት ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፍቷል። የአባላት ዓመታዊ መዋጮ በመንግሥት ድጎማ የሚደገፍ ሲሆን፣ የመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮ በክልልና በወረዳ አስተዳደሮች ይሸፈናል። አባሉ ሲታከም ገንዘቡ የሚከፈለው ውል ለገባው የጤና ተቋም ነው።

ይሁን እንጂ መድኑ ሁሉንም ወጪ አይሸፍንም። የሕመምተኛውና የአስታማሚው የትራንስፖርት፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ፣ እንዲሁም ከሥራ በመቅረት የሚታጣው ገቢ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። በተቋሙ ያልተገኘ መድኃኒት ከግል ፋርማሲ ሲገዛም ቤተሰቡ ከኪሱ ለማውጣት ይገደዳል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍለት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አባልም የወጪውን ከፊል ራሱ እንዲከፍል ይደረጋል።

በመሆኑም የስኳር ሕሙማን እግራቸውን በየዕለቱ መመልከት፣ በባዶ እግር አለመሄድ፣ ምቹ ጫማ ማድረግና ትንሽም ቢሆን ቁስል ሲያዩ ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይጠበቅባቸዋል። ይህም እግርን ከመቆረጥ፣ ቤተሰብንም ከዕዳ ለመታደግ ይረዳል።