ከኅብረት ሱቅ ወደ ባልትና ቤት

በዕድሜ ጠና ያላችሁ እህቶች የኅብረት ሱቅን ታስታውሳላችሁ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ከተሜው በቀበሌ ተደራጀ። ከዚያ ወዲህ ነው ሱቆቹ የተከፈቱት። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት በመንግሥት ዋጋ፣ በራሽን ይታደል ነበር። ወረፋ የሚይዙት በአብዛኛው እናቶቻችን ነበሩ።

ሱቁ ድሀን ከነጋዴ ዋጋ አድኗል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነበር። መኪናው ሲቀር መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ያን ጊዜ ብዙ ማኅበራት ፈረሱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአባላት ፈቃድ እንደገና እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። የቀድሞዎቹ ሱቆች ቤት ግን አንዳንዱ መጋዘን ሆነ፣ አንዳንዱ ተከራየ፣ አንዳንዱ ተቆልፎ ቀረ።

ባዶ የቀረ ሱቅ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ሲርስ የሚባል ትልቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1928 ግዙፍ መደብር ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ኩባንያው ሲዘጋው ሕንፃው ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ቆመ። በሠፈሩ ከላቲን አሜሪካና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ስደተኞች ይኖራሉ። የሠፈሩ የልማት ማኅበራት ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2006 ምድር ቤቱን የምግብና የዕደ ጥበብ ገበያ አደረጉት። አንድ ትልቅ ነጋዴ በነበረበት ቦታ ብዙ ትንንሽ ሻጮች ገቡ፤ እዚያው እያበሰሉ እዚያው ይሸጣሉ።

ገበያው በራሱ ገቢ ብቻ አልቆመም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድጎማ አስፈልጎታል። የጠቀመው አንዱ ነገር ከበላዩ ቢሮና መኖሪያ ቤት መሠራቱ ነው። ሠራተኛው ምሳ ሲፈልግ ወደ ታች ይወርዳል።

የሳን ፍራንሲስኮ ሴቶች ታሪክ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳየናል። ላ ኮሲና የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው በጋራ ማእድ ቤት ነው። አቅም የሌላቸው ሴቶች እየተፈራረቁ ያበስላሉ፣ ሒሳብና ንግድም ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሮጌ ፖስታ ቤት ውስጥ የምግብ ገበያ ከፈቱ። ይሁን እንጂ በኮቪድ ምክንያት በአካባቢው ያሉ ቢሮዎች ባዶ ሆነው ነበርና ተመጋቢ አነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያው ለሕዝብ ተዘጋ። የማእድ ቤቱ ሥራ ግን ቀጠለ።

ይህን ነገር እኛ ላስቶች በደንብ እናውቀዋለን። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮቪድ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ወደ ላሊበላና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚመጣውን እንግዳ አስቀረ። ኑሮዋን በቱሪስት ላይ ብቻ የመሠረተች ሴት ያን ጊዜ ምን እንደደረሰባት ሁላችንም አይተናል። የቅዳሜ ገበያ ግን ለአገሬው ሰው የቆመ ነው፤ ሽሮና በርበሬ የማይገዛ ቤት የለም።

ስለዚህ የተዘጋ አሮጌ ሱቅ ለማኅበር እንዲሰጠን ስንጠይቅ፣ ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ሦስት ነገር እንመካከር። ውስጡ የሚሠራው ምንድን ነው? በርበሬ መደለዝ፣ ሽሮ ማዘጋጀት፣ እንጀራ መጋገር የራሳችን እጅ ሥራ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ አንጠብቅም። ዘወትር የሚገዛን ማን ነው? ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ጎረቤቱ ይቁጠርልን፤ እንግዳ ሲመጣ ትርፍ ነው። ሦስተኛው ሒሳቡ ነው፤ መዝገቡን የምትይዘዋ አባል ማን ናት? የምታሳየውስ በየስንት ጊዜው ነው?

የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ መቅደስ የሠሩ አባቶች ዋሻውን አገኙት እንጂ አልፈለፈሉትም። ድንጋዩንና እንጨቱን እያፈራረቁ ያቆሙት ግን በእጃቸው ነው። አሮጌው ሱቅም ጣሪያና ግድግዳ ይሰጠናል፤ የቀረው የእኛ ሥራ ነው።