የጣና ሐይቅ ዳርቻ ኢኮ ቱሪዝም፦ ሀብቱ፣ የውኃው ጉዳይና የነዋሪው ድርሻ

መራዊ፦ ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ዋና መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው መራዊ በቱሪዝም መግለጫዎች ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሳም። ጎብኚው ወደ ጣና ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሲያመራ ከተማዋን በመኪና አቋርጧት ያልፋል። ይሁን እንጂ በአቅራቢያዋ የሚያልፈው የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና የሚገባ በመሆኑ በሜጫ ማሳዎች ላይ የሚከናወነው ሁሉ ውሎ አድሮ በሐይቁ ዳርቻ መታየቱ አይቀርም። በሐይቁ ዙሪያ ስለሚካሄደው የኢኮ ቱሪዝም ልማት ሲነገር በብዛት የሚዘነጋው ይህ ትስስር ነው። ለጎብኚ የሚቀርበው ሀብት ያለው በአንድ እጅ ሲሆን የሀብቱን ዕጣ የሚወስነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስሙ ውስጥ “ቱሪዝም” የሚል ቃል የሌለው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

ኢኮ ቱሪዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቅድሚያ መግለጽ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የኢኮ ቱሪዝም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990 በሰጠው ትርጓሜ መሠረት አካባቢን የሚጠብቅና የነዋሪውን ኑሮ የሚያሻሽል፣ ወደ ተፈጥሯዊ ሥፍራዎች የሚደረግ ኃላፊነት የተሞላበት ጉዞ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2002ን ዓለም አቀፍ የኢኮ ቱሪዝም ዓመት ብሎ ከሰየመ ወዲህ ቃሉ በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ይበልጥ እየተለመደ መጥቷል። በትርጓሜው ውስጥ ሁለት ግዴታዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የተፈጥሮ ጥበቃ ሲሆን ሁለተኛው የነዋሪው ጥቅም ነው። የእንግዳ ማረፊያ በሣር ክዳን መሠራቱ ወይም ሐይቅ ዳር መቆሙ ብቻውን ኢኮ ቱሪዝም አያሰኘውም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። በዚህ ስፋቱ ልክ ጥልቅ አለመሆኑ ግን ብዙዎችን ያስገርማል። እጅግ ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም። በመሆኑም ከደጋው የሚታጠበው አፈርና የውኃው ከፍታ መለዋወጥ በዳርቻው ላይ ቶሎ ይታወቃል። በሐይቁ ውስጥ ላቤዮባርበስ በተባለው የዓሣ ወገን የሚመደቡና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ በክረምት ወራት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ስለሚወጡ በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ በዝርያቸው ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ሐይቁና ዙሪያው በሰኔ ወር 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና ባዮስፌር ፕሮግራም በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ለአገራችን ይህ ከካፋ፣ ከያዩና ከሸካ ቀጥሎ አራተኛው ነበር። የባዮስፌር ሥፍራ ሰው የማይገባበት ፓርክ አይደለም። ሦስት ቀጠናዎች ያሉት ሲሆን እነርሱም ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ማዕከላዊ ቀጠና፣ ዙሪያውን የሚከልለው የከለላ ቀጠናና ሰው እያረሰና እየነገደ የሚኖርበት የሽግግር ቀጠና ናቸው። ኢኮ ቱሪዝም በአብዛኛው የሚካሄደው በሁለቱ ውጫዊ ቀጠናዎች ነው። የመሬት አስተዳደር ባለሙያ በሐይቁ ዳር ቦታ ከመስጠቱ በፊት የቀጠናውን ካርታ መመልከት ይኖርበታል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከላይ የተጠቀሰውን የሀብትና የውሳኔ መለያየት በግልጽ የሚያሳየው ጢስ ዓባይ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው ይህ ፏፏቴ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን ወንዙ በሞላበት ወቅት እስከ 400 ሜትር ድረስ ይሰፋል። በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ሥዕሉ ታትሞ ስለነበር ባሕር ዳርን ረግጦ የማያውቅ ዜጋ እንኳ በመልክ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚጠቀምበት ውኃ አነስተኛ ስለነበር የፏፏቴውን ገጽታ ያን ያህል አልለወጠውም። ወሳኙ ለውጥ የመጣው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራና ከአምስት ዓመት በኋላ ተጨማሪ በሮች ተገጥመውለት ከ70 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ነበር። ውኃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ እየተጠለፈ ወደ ተርባይኖቹ በመሄዱ በበጋ ወራት በገደሉ ላይ የሚወርደው ከቀጭን ጅረት ያልበለጠ ሆነ።

በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው የሐይቁ ከፍታ መርከቦች ለመንቀሳቀስ ከሚያስፈልጋቸው ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ተቋረጠ። ውኃው የሸሸበት መሬት ታረሰ፤ በዳርቻው የነበረው ደንገልም በሰፊው ወደመ። በአንድ በኩል ፏፏቴው ሲደርቅ በሌላ በኩል ጀልባው ቆመ ማለት ነው፤ በሁለቱም ላይ ወሳኝ የነበሩት ደግሞ እነዚያው የጨረጨራ በሮች ነበሩ።

በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሁኔታውን እንደገና ለወጠው። ይህ ጣቢያ ውኃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሆን ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ አሳልፎ ለበለስ ወንዝ ተፋሰስ ይሰጠዋል። በለስ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው እጅግ ርቆ በቆላው በመሆኑ በዚህ መንገድ የሚሄደው ውኃ በጢስ ዓባይ ላይ ጨርሶ አያልፍም። በአንፃሩ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች የሥራ ጫና በመቀነሱ ከጨረጨራ የሚለቀቀውን ውኃ ወደ ፏፏቴው መምራት የሚቻልበት ዕድል ተፈጥሯል። ኤሌክትሪክ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ለክርክር የሚቀርብ አይደለም፤ ባሕር ዳር ያለ መብራት ጎብኚ ልታስተናግድ አትችልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ጥያቄው ሌላ ነው። ለፏፏቴው የሚለቀቀው የውኃ መጠን በወርና በቀን ተወስኖ ለክልሉ የቱሪዝም ቢሮ፣ ለአስጎብኚዎችና ለጢስ ዓባይ ከተማ ነዋሪዎች አስቀድሞ ቢነገር ወጪው ከአንድ ደብዳቤ አይበልጥም። ጎብኚ በመጋቢት ሄዶ ደረቅ ገደል አይቶ ሲመለስ የሚጎዳው ግን በመንገዱ ዳር ቡና አፍልታ የምትጠብቀውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ እያሳየ የሚኖረው ወጣት ነው። ፏፏቴው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት በተሻለ ሁኔታ እንደሚታይም ሳይሸሸግ መነገር አለበት።

ወደ ሐይቁ ዳርቻ ስንመለስ ሁለተኛው ትልቅ ሀብት ደንገል ነው። ይህ ተክል ለዓሣ መራቢያ፣ ለወፎች ጎጆ መሥሪያና ከወንዞች ለሚመጣው ደለል ማጣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከዚሁ ተክል የሚሠራው ታንኳ የጣና መለያ ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማቋረጥ “ራ” እና “ራ 2” የተባሉትን የሣር ጀልባዎች ያሠራው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ደንገል እንደነበር ሲታወስ፣ ሁለተኛይቱም ባርባዶስ ድረስ መዝለቋ ሲታከልበት፣ ተክሉ ምን ያህል ታሪክ እንዳለው ይታያል። የታንኳ ሥራን ጥበብ ለብዙ ዘመናት ጠብቆ ያቆየው በሐይቁ ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ከተማው እየሰፋ፣ በዳርቻው ሆቴልና መዝናኛ እየተሠራ ሲሄድ ማኅበረሰቡ ሐይቁን የሚያገኝበት መንገድ እየጠበበ መጥቷል። በሆቴል ግድግዳ ላይ ታንኳ እየሳሉ ታንኳ ሠሪውን ከውኃው ማራቅ ከኢኮ ቱሪዝም ትርጓሜ ጋር አይጣጣምም። ለባለሀብት ቦታ ሲሰጥ ለደንገል አጫጆችና ለዓሣ አስጋሪዎች የሚተው የመውጫና መግቢያ መንገድ በውሉ ውስጥ እንዲሰፍር ማድረግ የከተማ አስተዳደሩ ሥልጣን ነው።

በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እምቦጭ ችግሩን አባብሶታል። አረሙ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በሰፊው በመዛመት ለታንኳና ለመረብ መሰናክል ሆኗል። በሺህ የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች በዘመቻ ወጥተው በእጃቸው ነቅለውታል። ሆኖም ማዳበሪያ የተሸከመ ጎርፍ ከማሳ ወደ ሐይቁ መግባቱን ካላቆመ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት የወላላና የሸሸር ረግረጎች ከውጭ አገር ለሚመጡ ወፎች ማረፊያነታቸው የታወቁ ሲሆኑ በእርሻ መስፋፋት ምክንያት ክፉኛ ተጎድተዋል። ወፍ ለማየት ብቻ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጎብኚ መኖሩን ለግብርና ባለሙያው ማስረዳት አንዳንዴ ቀላል አይደለም።

የዘጌ ልሳነ ምድር ግን ደስ የሚያሰኝ ምሳሌ ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በአዝዋ ማርያም ዙሪያ ያለው ደን እስከ ዛሬ የቆየው በመንግሥት ጥበቃ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያንና በቡና ነው። በአባቶች ትውፊት መሠረት በዘጌ ምድር በሬ አይጠመድም፤ ነዋሪው የሚኖረው በዛፍ ጥላ ሥር በሚለማ ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ ነው። የቡናው ገቢ ሲቀንስ ግን ዛፉ እየተቆረጠ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ለማገዶ ይጫናል። አብዛኛው ጎብኚ በሞተር ጀልባ መጥቶ የገዳማቱን ሥዕሎች ተመልክቶ በዚያው ዕለት ስለሚመለስ የጀልባው ኪራይ ባሕር ዳር ይቀራል፤ የመግቢያው ክፍያም ለቤተ ክርስቲያኑ ይገባል፤ ደኑን በጓሮው ለሚጠብቀው ቡና አምራች የሚደርሰው አነስተኛ ነው። ከአፋፍ ከተማ ተነስቶ በእግር ደኑን የሚያቋርጥ፣ በአርሶ አደሩ ቤት ቡና የሚጠጣበትና ቢቻል የሚታደርበት ጉዞ ቢለመድ ዛፉ ቆሞ ከማገዶው በላይ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። በነገራችን ላይ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ አንዳንድ ገዳማት ሴቶችን የማያስገቡ በመሆናቸው ይህን ጀልባው ከመነሳቱ በፊት መናገር የአስጎብኚው ግዴታ ነው።

ገቢን ለነዋሪው በማድረስ ረገድ በአማራ ክልል ውስጥ ልምድ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት አካባቢ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተቋቋሙት የማኅበረሰብ እንግዳ ማረፊያዎች ባለቤታቸው ራሱ አርሶ አደሩ ነው፤ ምግብ የሚያበስለው፣ በአህያ ጓዝ የሚያጓጉዘውና መንገድ የሚመራው በተራ ነው። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ሕዝቡ የግጦሽና የጓሳ ሣር አጨዳውን በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲገዛ የኖረ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳም በማኅበረሰቡ ሎጅ ያድራል። ከአገር ውጭ ብንመለከት ሩዋንዳ ከብሔራዊ ፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ ለአጎራባች ነዋሪዎች የምትሰጠውን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 በ5 በመቶ ጀምራ በ2017 ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። ድርሻው በቁጥር ተወስኖ መጻፉ ነዋሪው የሚጠይቀውን እንዲያውቅ ያደርገዋል።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር የተገነባው ኢኮ ሪዞርት በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጎርጎራ የጥንቱ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ የሚገኙበት በመሆኑ ለታሪክም ለተፈጥሮም ይመቻል። የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ኢንቨስትመንት ለአትክልት፣ ለዓሣና ለዕደ ጥበብ ገበያውን በአካባቢው ካደረገ ጥቅሙ ሰፊ ይሆናል።

በአጠቃላይ የቱሪዝም እንቅስቃሴው ከ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ከሰሜኑ ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት የተነሳ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚውና የእጅ ሥራ ሻጩ ከማንም ቀድመው ገቢ ያጡ ናቸው። ሰላም ሳይኖር የሚዘጋጅ የጎብኚ ቁጥር ዕቅድ ወረቀት ላይ የሚቀር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ የመራዊ ድርሻ ምንድን ነው? 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘውና 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ ግድብ ለመስኖ ቢሠራም የተኛው ውኃ ወፎችን መሳቡ አይቀርም። ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊ በኩል የግልገል ዓባይ ምንጭ ወደሆነችውና በምእመናን ዘንድ ወደምትከበረው ግሽ ዓባይ የሚወስድ ጉዞ ዓባይን ከምንጩ እስከ ፏፏቴው ለማየት ለሚፈልግ ጎብኚ የሚስማማ ነው። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሠለጠኑ መንገድ መሪዎች፣ ንጹሕ ማረፊያና መጸዳጃ፣ እንዲሁም ከየቀበሌው ጋር የተፈረመ የገቢ ክፍፍል ውል ይበቃል። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በላይኛው ተፋሰስ የሚያሠራው እርከን ደግሞ በግልገል ዓባይ አፍ ላይ የሚከማቸውን ደለል ይቀንሳል። በዚያው በወንዙ አፍ አካባቢ የጭምባ ረግረግ ይገኛል፤ በሜጫ ተራራ ላይ የተሠራው እርከን የሚጠብቀው ይህንኑ ረግረግና በውስጡ የሚራቡትን ወፎች ጭምር ነው።