ማስታወቂያው ከጋዜጣ ወደ ስልክ ሲሸጋገር፦ ዜናችንን ማን ይከፍልበታል?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ አይከልን ያገኛሉ። አይከል የጭልጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። በዚህች ከተማ ለሚኖር ነጋዴ፣ ገበሬ ወይም የመስጂድ ኮሚቴ አባል ዜና ማለት በአብዛኛው የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? የሰሊጥ ዋጋ ስንት ገባ? ወረዳው ያወጣው ጨረታ መቼ ይዘጋል? ጎንደር ላይ ተፈጠረ የተባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ቀድሞ ሬዲዮና ዘግይቶ የሚደርስ ጋዜጣ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን መልሱን የምንፈልገው ከቴሌግራም፣ ከፌስቡክና ከዩቲዩብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዜና ወደ ስልክ መግባቱ የነባሩን ሚዲያ ገቢ እንዴት እንደለወጠና ለእኛ ለሙስሊም አንባቢዎች ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን።

የጋዜጣ ወጪ በማን ይሸፈን ነበር?

ብዙ ሰው ጋዜጣ የሚኖረው አንባቢ በሚከፍለው ዋጋ ይመስለዋል። በእርግጥ የሽያጩ ዋጋ ወረቀትና ማተሚያን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። የጋዜጠኛውን ደመወዝ የሚከፍለው በዋናነት ማስታወቂያ ነው። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን አዲስ ዘመንን ወይም በአማራ ክልል ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን በኩር ጋዜጣን ገልጦ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ብዙው ገጽ የጨረታ፣ የፍርድ ቤት ጥሪና የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። በግል ጋዜጦች ደግሞ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ይበዛል። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ጋዜጣ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይተው የቅጥር ገጹን ብቻ አንብበው ይመልሱ እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ነው።

ማስታወቂያው ወዴት ሄደ?

በሌላው ዓለም የሆነውን ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የአሜሪካ ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ2005 ከማስታወቂያ ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ያገኙ ነበር። በ2020 ገቢው ከ10 ቢሊዮን በታች ወርዷል። ገንዘቡ በብዛት የሄደው ወደ ጉግልና ፌስቡክ ነው። ብዙ የትናንሽ ከተሞች ጋዜጦችም ተዘግተዋል።

በአገራችንም ለውጡ በራሱ መንገድ መጥቷል። የሥራ ማስታወቂያ ወደ ድረ ገጾችና ቴሌግራም ቻናሎች ገብቷል። በጋዜጣ የወጣ ጨረታን ሰብስበው ለደንበኛ በክፍያ የሚያደርሱ እንደ ቱመርካቶ ያሉ አገልግሎቶች ተፈጥረዋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ግዥያቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እያዞሩ ነው። ጨረታን በስልክ ማየት ለአይከል ነጋዴ ጥቅም አለው፤ ለአንድ ማስታወቂያ ብሎ ጎንደር ድረስ ጋዜጣ ፍለጋ አይሄድም። ነገር ግን የጨረታ ገቢ ከጋዜጣ ሲወጣ፣ በዚያ ገቢ ወደ ወረዳ ተልኮ ይዘግብ የነበረው ጋዜጠኛ አበልም አብሮ ይወጣል።

በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሌላም ለውጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሚዲያ አግዷል። እኛ በደስታ የተቀበልነው ውሳኔ ነው። ጣቢያዎቹ ግን ትልቅ የገቢ ምንጫቸው የነበረውን የቢራ ማስታወቂያ አጥተዋል። ሚዲያን የሚደግፍ ንጹሕ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ይፈልጋል።

የዩቲዩብ ሒሳብ

አንድ የዩቲዩብ ቻናል በመደበኛ ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልገዋል። ከመደበኛ ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለባለ ቻናሉ፣ ቀሪው ለዩቲዩብ ነው። የክፍያው መጠን በተመልካቹ አገር ይለያያል። በዋሽንግተን የተቀመጠ ተመልካች በአይከል ከተቀመጠው የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል፤ ምክንያቱም አስተዋዋቂዎች ለእሱ የበለጠ ይከፍላሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ባለ ቻናሉ የሚያዘጋጀው ውጭ ያለውን ወገን የሚስበውን ነው። የአይከል የውሃ ችግር ወይም የሰሊጥ ዋጋ ብዙ ገቢ አያመጣም። ሁለተኛ፣ ክፍያው በእይታ ብዛት ስለሆነ የሚያስደነግጥ ርዕስ ከተጣራ ዜና ይልቅ ያተርፋል።

ለሙስሊም ሚዲያ ሦስተኛም አለ። በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያውን የሚመርጠው ማሽን ነው። ሳይታሰብ ስለ ሐላል የሚያስተምር ጽሑፍ አጠገብ የቁማር ወይም የወለድ ብድር ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል። የጉግል ማስታወቂያ አገልግሎት እንደ ቁማር፣ አልኮልና የፍቅር ጓደኛ ፍለጋ ያሉ ዘርፎችን ባለ ድረ ገጹ እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ይህን ማድረግ ገቢን ይቀንሳል፤ ቢሆንም የአዘጋጁ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

የሙስሊሙ ድምፅ ከወረቀት ወደ ስልክ

የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ሙስሊሙ የራሱን መጽሔቶች ማሳተም ችሎ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የነበረው «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ዋና አዘጋጁ ሲታሰር መታተሙን አቆመ። በዚያው ዓመት «ድምፃችን ይሰማ» የተባለው የፌስቡክ ገጽ የኡማውን ጥያቄና የሰላማዊ ተቃውሞ መርሐ ግብር ከከተማ ከተማ ያደርስ ነበር። ማተሚያ ቤት፣ ወረቀትም ሆነ አከፋፋይ አላስፈለገውም። በኋላም እንደ ነሲሓ ቲቪ፣ ሚንበር ቲቪና ሀሩን ሚዲያ ያሉ ተቋማት መጥተዋል።

ፍጥነት የሚያመጣው አደጋ

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሸይኽ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ በተነሳው ጥቃት ከ20 በላይ ሙስሊሞች ተገድለዋል። አላህ ይማራቸው። ዜናውና ምስሉ በሰዓታት ውስጥ አገር አዳረሰ። መሰራጨቱ በደሉ ተድበስብሶ እንዳይቀር አድርጓል። በሌላ በኩል በቀጣዮቹ ቀናት በሌሎች አካባቢዎች የበቀል ጥቃት ደርሶ ክርስቲያን ወገኖች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። የተጣራ ዜና ፍትሕን ሲያግዝ፣ ያልተጣራውና የተጋነነው ሌላ ደም ያስከትላል። ቦታው ላይ ተገኝቶ የሚያጣራ ጋዜጠኛ ከሌለ ግን ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?

ስልክም ሁልጊዜ አይሠራም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ሬዲዮ ዳግም ዋጋ አገኘ። ነባሩ ሚዲያ ሞቷል ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ ሚዲያንም ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ያከብዳል። ይህ ለዜና ድርጅት ብቻ የወጣ አይደለም፤ ገጽ ያለው ግለሰብም ይጠየቃል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል። በስልካችን ላይ ይህን በተግባር ማዋል ይቻላል፦

- ከማጋራት በፊት ዜናው ቀን፣ ቦታና የተናጋሪ ስም እንዳለው ማየት።
- ምስሉ የሌላ አገር ወይም የድሮ አለመሆኑን ማረጋገጥ።
- ቢቻል በቦታው ወዳለ ዘመድ ደውሎ መጠየቅ።
- የሚያስደነግጥ ርዕስ ብቻ ያለውን ቪዲዮ አለመክፈት፤ መክፈታችን ራሱ ክፍያ ነውና።
- የሙስሊም ነጋዴዎች ማስታወቂያቸውን ለታመነ ሚዲያ እንዲሰጡ ማበረታታት።
- አቅም ያለው ለሚያምነው ሚዲያ በየወሩ ጥቂት መደገፍ፤ ዛሬ በቴሌብር 50 ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ነው።

ዜና በነጻ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ ሁልጊዜ የሚከፍልበት አለ። አንባቢው ካልከፈለ አስተዋዋቂው ይከፍላል፤ ምን እንደምንሰማም የሚወስነው እሱ ይሆናል። የአይከል ሰው ጉዳይ እንዲዘገብ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት የአይከል ሰውና ወዳጁ ነው። ስለዚህ ወጪውንም በጋራ መሸከም ይገባናል።