ከአሮጌ ምድጃ የወጣ ጊታር

በየአጥቢያችን መድረክ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ ማየት ከተለመደ ቆይቷል። አብዛኞቻችን ግን መሣሪያውን የምናውቀው በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ፣ ኮሚቴው በጀት እስኪይዝለት ድረስ ዓመት የሚጠበቅ ዕቃ አድርገን ነው። ፋብሪካ የወለደው ይመስለናል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው ግን በመነሻው ላይ የሚያገኛቸው የራዲዮ ጠጋኞች፣ ሥራ የጨረሱ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው፤ ከእራት በኋላ መጋዝና ሞረድ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች። ስለ እነዚህ ሰዎች፣ በተለይም ስለ አንድ አባትና ልጅ ልንገራችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ከድምፅ ማነስ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከበሮና መለከት በበዛበት ባንድ መካከል የተቀመጠ ጊታር ተጫዋች ጣቱ እስኪደማ ቢመታ የሚሰማው አልነበረም። ጆርጅ ቦሻም የተባለ የሎስ አንጀለስ ጊታር ተጫዋች በዚህ ተማርሮ ሲሞክር ሲጥል ቆይቶ በ1931 መፍትሔ አገኘ። የመጀመሪያው ናሙና በእጅ ከእንጨት ተጠርቦ የተሠራ ሲሆን፣ ትንሽ ክብ አካሉ ከረጅም አንገቱ ጋር ተዳምሮ ቁርጥ መጥበሻ ስለሚመስል እስከ ዛሬ “መጥበሻው” ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በማግኔት ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይጠመጠማል። ከላዩ የብረት ክር ይወጠራል። ክሩ ሲመታ ይርገበገባል፤ ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያናውጣል፤ በሽቦው ውስጥም በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያንን አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል። ፒክአፕ የምንለው ይኸው ነው። በአካላዊ ምርምር ትምህርት ማግኔትና ሽቦ የተማረ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ከጊታር ጋር አያይዞ የነገረው ስለሌለ ነው እንጂ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ድምፁን የሚያጎላው ኤሌክትሪክ ከሆነ ጊታሩ ሆዱ ባዶ ሳጥን መሆን አያስፈልገውም። እንዲያውም ባዶው ሆድ ከድምፅ ማጉያው የሚመጣውን መልሶ እየተቀበለ ያንን ጆሮ የሚሰነጥቅ ፊድባክ ያመጣል፤ በመዘምራን ልምምድ ሰዓት ሁላችንም የምናውቀውን። ሌስ ፖል ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ ነው። ገና ልጅ ሳለ በዊስኮንሲን፣ በራሱ አነጋገር፣ በቁራጭ የባቡር ሐዲድ ላይ ክር ወጥሮ ከሥሩ የስልክ መናገሪያ በማድረግ ድምፁን በራዲዮ ሰምቶ ነበር። ሐዲዱ ከባድና ድፍን ስለሆነ ክሩ ለረጅም ጊዜ ይጮኻል። ሐዲድ ግን በትከሻ አይንጠለጠልም። ስለዚህ በ1940 አካባቢ ኒው ዮርክ ውስጥ የኤፒፎን ፋብሪካ እሑድ እሑድ ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ወርክሾፑን አስፈቅዶ እየገባ፣ ከአንድ ድፍን የጥድ ግንድ ጊታር ሠራ። “ግንዱ” አለው። ሰው ሲያየው እንዳይስቅበት ከመደበኛ ጊታር የተቆረጡ ሁለት ጎኖች ግራና ቀኝ ለጠፈበት። ጊብሰን ለተባለው ድርጅት ሲያሳያቸው ግን እንደ ቀልድ ቆጠሩት። በስሙ የተጠራውን ጊታር ለገበያ ያወጡት በ1952 ነው፤ እሱም ሌላ ሰው ስለቀደማቸው ነው።

የቀደማቸው ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ የፉለርተን ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም። ምናልባት የጠቀመውም ይኸው ነው፤ እንደ ጠጋኝ ነው ያሰበው። አንገቱን በኮላ ከማጣበቅ ይልቅ በአራት ቪት አሰረው፤ ሲበላሽ ፈትቶ ለመቀየር። በ1951 ደግሞ ቤዝ ጊታሩን አመጣ። ቤዝን በተመለከተ ግን ሌላም ቀዳሚ አለ፤ ፖል ታትማርክ የተባለ የሲያትል ሰው በ1930ዎቹ አጋማሽ አግድም የሚያዝ፣ ፍሬት ያለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር። ምክንያቱ ደስ ይላል። ትልቁን ቁም ቤዝ የሚጫወተው ሰው መሣሪያው መኪናውን ስለሚሞላበት ሁልጊዜ ብቻውን መንዳቱ አሳዝኖት ነው። ያንን ዕቃ ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ለመግባት የሚሞክር ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያዎች እስከ 1959 ድረስ በነፃ አይገቡም ነበር። ከተፈቀደ በኋላም የፌንደር ጊታር ዋጋ ከመቶ ፓውንድ በላይ ነበር፤ ለደመወዝተኛ ቤት የማይታሰብ። በምዕራብ ለንደን ፌልተም ውስጥ የሚኖረው የአሥራ ስድስት ዓመቱ ብራያን ሜይም የገዛ ቤተሰቡን አቅም ያውቃል። አባቱ ሃሮልድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ነዳፊ ነው፤ የቤታቸውን ቴሌቪዥን ሳይቀር በገዛ እጁ የሠራ ሰው። በነሐሴ 1963 አባትና ልጅ “እኛው እንሥራው” ብለው ጀመሩ። ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

የተጠቀሙበት ዕቃ ዝርዝር ሲታይ የቆራሌው ጆንያ የተራገፈ ይመስላል። የጊታሩ አንገት የአንድ ወዳጃቸው ቤት ሲታደስ ከተጣለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ የምድጃ ክፈፍ የተጠረበ ማሆጋኒ ነው። ነቀዝ በልቶት ስለነበር ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ደፈኗቸው። የአካሉ መሐል ከአሮጌ ጠረጴዛ የተቆረጠ ኦክ ነው። በጣት ሰሌዳው ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ የዛጎል ቁልፎች ናቸው። ድምፁን የሚያወዛውዘው ማንሻ ከብስክሌት የቦርሳ ማንጠልጠያ ብረት ተሠርቶ ጫፉ ላይ የሹራብ መሥሪያ መርፌ ቁራጭ ተደርጎለታል። የክሮቹን ጉተታ የሚመክቱት ሁለት ሞላዎች ደግሞ ከ1928 ሞተር ሳይክል የወጡ የቫልቭ ሞላዎች ናቸው። ወጪው በጠቅላላ ወደ ስምንት ፓውንድ ነው ይባላል።

ዕቃው ይህን ቢመስልም ሥራው በግምት አልተሠራም፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ። የእኛ ክራር ሠሪ የማይገጥመው አንድ ችግር ጊታር ሠሪን ይገጥመዋል። ክራር በተለምዶ አንዱ ክር አንድ ድምፅ ስለሚሰጥ ተቃኝቶ ያልቃል። ጊታር ግን ፍሬት አለው፤ እያንዳንዱ ፍሬት ያለቦታው ከተተከለ መሣሪያው ዕድሜ ልኩን ከቅኝት ውጭ ይሆናል። ስሌቱ ይታወቃል፤ ከጣት ሰሌዳው ራስ እስከ ድልድዩ ያለውን የክር ርዝመት ለ17.817 ማካፈል፣ ያ የመጀመሪያው ፍሬት ርቀት ነው፤ ከዚያ የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ማካፈል፤ እንዲህ እያሉ መቀጠል። የብራያን ጊታር የክር ርዝመት 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው ፍሬት በ3.42 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፤ አሥራ ሁለተኛው በትክክል አጋማሹ ላይ። ሃያ አራት ፍሬት፣ ሃያ አራት ስሌት፣ ሃያ አራት የመጋዝ መስመር። አንድ ሚሊ ሜትር ብትስቱ ጆሮ አይምራችሁም።

ፒክአፖቹንም መጀመሪያ ራሳቸው ጠመጠሟቸው። ድምፃቸው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ክሩ በጣት ወደ ጎን ሲገፋ ድምፁ ይቆራረጣል። በማግኔቶቹ አቀማመጥ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ልጁ እልህ ሳይጋባ በርንስ የተባለውን የእንግሊዝ ፋብሪካ ሦስት ፒክአፖች ገዛ፤ ገዝቶም እንዳለ አልገጠማቸውም፣ እንዳይጮኹ ውስጣቸውን በማጣበቂያ ሞላ። ሁሉንም በራሴ ካልሠራሁ ከሚል ሰው ይልቅ ይህ የበለጠ የእጅ ባለሙያ ይመስለኛል።

ብራያን ሜይ በኋላ የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ሆነ። ስለ ባንዱ ዘፈኖች እዚህ የምለው የለኝም፤ ጉዳዬ ከእንጨቱና ከቤተሰቡ ጋር ነው። እንጨቱ ከቤተሰቡ ላይ ያመጣውን ነገርም መዝለል አይቻልም። ልጁ በኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ አጥንቶ በፕላኔቶች መካከል ስላለው አቧራ የዶክትሬት ምርምር ጀምሮ ነበር። በ1974 ጥናቱን አቋርጦ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙዚቃው ገባ። ሃሮልድ ይህን መቀበል አቃተው። ቤተሰቡ ለልጁ ትምህርት ብዙ ነገር የተወ ነው፤ አሁን ልጁ ያንን ሁሉ ለጊታር ጣለው፤ ያውም አባቱ ሁለት ዓመት አብሮት ጎንበስ ብሎ ለሞረደው ጊታር። ለረጅም ጊዜ በቅጡ ሳይነጋገሩ ቆዩ።

በብዙ ቤታችን ያለ ነገር ስለሆነ ለማንኛቸውም አልፈርድም። አባት ለልጁ ጊታር ሲሠራ የሠራለት ለትርፍ ሰዓት ነው፤ ለኑሮ አይደለም። ልጅ ደግሞ በዚያ ወርክሾፕ የተማረው የጊታር ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የጀመሩትን እስከ መጨረሻው መያዝንም ነው፤ አስተማሪው አባቱ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ጠረጴዛ የተነሡ ናቸው።

ከዓመታት በኋላ ብራያን ወላጆቹን ኒው ዮርክ ድረስ ወስዶ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው ታላቅ አዳራሽ አስቀመጣቸው። ሃሮልድ ያን ምሽት ጊታሩን በሺዎች ፊት ሰማ። ከዝግጅቱ በኋላ የልጁን እጅ ጨብጦ አሁን እንደገባው ነገረው። ብራያን ይህን ደጋግሞ ተናግሯል።

ሃሮልድ በ1988 ዐረፈ። በ2002 ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር ያ ጊታር በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ተሰማ፤ የምድጃው ክፈፍና የእናቱ ቁልፎች እንዳሉ ናቸው። በ2007 ደግሞ ብራያን፣ ስድሳ ዓመት ሲሞላው፣ የተወውን የአቧራ ምርምር አንሥቶ ጨረሰና ከኢምፔሪያል ኮሌጅ ዶክትሬቱን ተቀበለ። አባቱ ካረፈ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።