ገላጭ ስምና ድፍን ስም፤ ከኮምፒዩተር ስያሜዎች ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኮምፒዩተር ሙያ ግን ስም የሚያወጣው ሠራተኛው ራሱ ሲሆን፣ በስሙ የሚቸገረው ብዙውን ጊዜ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ነው። በዚህ ጽሑፍ የፕሮግራምና የውስጥ አውታረ መረብ ስያሜዎች ያለፉበትን መንገድ ባጭሩ እንቃኛለን። ዓላማችንም የሙያ ቃላትን የሚያወጣ ሁሉ የሚገጥመውን አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ስም የተሰያሚውን ጠባይ ይግለጽ ወይስ ለይቶ መጥራቱ ብቻ ይብቃው? ዓመታቱ የተሰጡት በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ1957 የወጣው የፎርትራን ቋንቋ የስምን ርዝመት በ6 ምልክቶች ወስኖ ነበር፤ በላቲን ፊደል ከ«አይ» እስከ «ኤን» ባሉት የሚጀምር ስምም ሙሉ ቁጥርን እንዲያመለክት ደንግጓል። በኋላ ቻርልስ ሲሞኒ የጀመረው፣ «የሀንጋሪ አጻጻፍ» የተባለው ልማድ፣ የመረጃውን ዓይነት በስሙ መነሻ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። በዊንዶውስ ከየመልእክቱ ጋር ከሚተላለፉት እሴቶች አንዱ «ደብልዩ ፓራም» የተባለው፣ ስፋቱ አንድ «ዎርድ»፣ ማለትም 16 ቢት ስለ ነበረ ነው። ስፋቱ ወደ 32 ቢት ሲያድግ ግን ስሙ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር እንዳለ ቀረ። መነሻ ፊደሉ ዛሬም የሌለን ነገር ይመሰክራል።

በአርፓኔት የተገናኙት ኮምፒዩተሮች ስም፣ ኤሊዛቤት ፋይንለር ትመራው በነበረው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ክፍል፣ በአንድ መዝገብ ይያዝ ነበር። መዝገቡ እየገዘፈ በመሄዱ፣ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ስሞችን በየግዛታቸው የሚያከፋፍል ሥርዓት ነደፈ። በ1990 ደግሞ ዶን ሊብስ ኮምፒዩተርን በተመደበበት ሥራ ወይም በተጠቃሚው ስም መሰየም እንደማይበጅ መከረ፤ ሥራውም ተጠቃሚውም ይለወጣሉና። በምትኩ እንደ ቀለማትና እንደ አፈ ታሪክ ስፍራዎች ካሉ ወገኖች ስሞችን መምረጥን ደገፈ።

ብዙ ድርጅቶች የውስጥ መረባቸውን «ኮርፕ» በሚል መጨረሻ ሲሰይሙ፣ ስሙ ከግቢያቸው የሚወጣ አልመሰላቸውም። ሆኖም ከውስጥ የተነሡ ጥያቄዎች ወደ ዓለም አቀፉ ሥርዓት ሲፈስሱ ታዩ። ስሙ ለሌላ ባለቤት ቢሰጥ ኖሮ የአንዱ ቤት መልእክት ወደ ሌላው ደጅ ሊሄድ ይችል ነበር። ስለዚህ የስሞቹን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በ2018 «ኮርፕ»ን፣ «ሆም»ንና «ሜይል»ን ለአመልካቾች ላለመስጠት ወሰነ፤ በ2024ም «ኢንተርናል» የሚለውን ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ለየ።

በእኛም ቋንቋ «ባቡር» የሚለው ቃል ሥሩ በአውሮጳ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት ነው። በ2015 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቢሆንም ስሙ ማንንም አያሳስትም፤ አማርኛ ተናጋሪው በቃሉ ውስጥ እንፋሎትን አይሰማምና። «የእንፋሎት ሠረገላ» ተብሎ ተተርጕሞ ቢሆን ኖሮ ግን ስያሜው ዛሬ ሐሰተኛ በሆነ ነበር።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ገላጭ ስም ሁሉ ይወገድ የሚል አይደለም። ገላጭ ስም ለጀማሪ መሪ ነው፤ ድፍኑ ስም ግን መማርን ይጠይቃል። ነገር ግን የሚገለጸው ጠባይ ከነገሩ ጋር የሚዘልቅ መሆኑ አስቀድሞ ይመዘን፤ የሚያልፍ ጠባይ ከሆነ ድፍኑን ቃል መቀበል ይሻላል። አንድ ጊዜ በሰው አፍና በመዝገብ የገባ ስም፣ አውጪው ቢጸጸትም አይመለስምና።