ማኅበር ነው ወይስ ዐውደ ምሕረት

እ.ኤ.አ. በ1995 በበረዶው ወራት፣ ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ በሚገኘው መኖሪያዬ፣ ቀን ለእንጀራ ስደክም ውዬ ማታ ማታ ግን በልጅነቴ በጎጃም ቅኔ ቤት የጀመርኩትንና ስደት ያቋረጠብኝን ትምህርት ከመሰሎቼ ጋር ለመቀጠል ስመኝ፣ በየአገሩ የተበተንን ሃያ ሦስት የቅኔ ወዳጆች በኮምፒዩተር የምንገናኝበት ጉባኤ ለማቆም ተስማማን። ከመካከላችን በቅኔ የሚተዳደር አንድ ስንኳ አልነበረም፤ ታክሲ ነጂ፣ ነርስ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርን። ሆኖም ነገሩን ከልብ ስለምንወደው፣ ጉባኤው በምን ዓይነት ቤት ይደር በሚለው ጥያቄ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ ተከራከርን።

ያን ጊዜ የነበረው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሰሜን ካሮላይና ያሉ የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያሰቡትና በማግሥቱ ዓመት ሥራ የጀመረው ዩዝኔት ሲሆን፣ አንድ ሰው ኒውስግሩፕ ከሚባለው የውይይት ክፍል ላይ ያኖረው ጽሑፍ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር እየተቀዳ ዓለሙን ያዳርሳል፤ የፈለገም ሁሉ ስሙን ሳያስመዘግብ ገብቶ ያነባል፣ ይመልሳል። ሁለተኛው ሜይሊንግ ሊስት ነው፤ በዚህ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓሪስ ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቶማስ እንደ ጻፈው እንደ ሊስትሰርቭ ያለ ፕሮግራም የአባላቱን መዝገብ ይይዝና፣ ወደ አንዱ አድራሻ የተላከውን ደብዳቤ ለእያንዳንዱ በየኢሜይሉ ያደርሳል። እኛ የባዕዱን ስም ትተን የመጀመሪያውን ዐውደ ምሕረት፣ ሁለተኛውን ማኅበር አልነው። በማኅበር አባሉ በስም ይታወቃል፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሙሴም አለ፤ በዐውደ ምሕረት ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

ለዐውደ ምሕረቱ የተሟገቱት ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም። ቅኔ በማኅሌት መካከል፣ ካህናትና ምእመናን እየሰሙት የሚፈስ እንጂ በጓዳ የሚሸሸግ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተባለም አይደገምም፤ የኒውስግሩፕ ጽሑፍም እንዲሁ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ሰንብቶ ከሰርቨሩ ይጠፋ ነበርና፣ ጠባያቸው ተመሳሰለ አሉ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በስቶክሆልም የምትኖር አንዲት ነርስ የጻፈችው ነው፤ «እኔ እናንተን ያገኘሁት በመንገድ ሳልፍ ድምፃችሁን ሰምቼ ነው፤ በሩን ከዘጋችሁት ከእኔ ኋላ የሚመጣው በየት ይገባል?» አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም።

እንቅፋቱ ግን ብዙ ነበረ። በዋና ዋናዎቹ የዩዝኔት ክፍሎች አዲስ ኒውስግሩፕ ለማቆም የድጋፉ ድምፅ ከተቃውሞው በ100 መብለጥና የጠቅላላውም ሁለት ሦስተኛ መሆን ነበረበት፤ ሃያ ሦስት ሰዎች መቶ ድምፅ ከየት ያመጣሉ? ያለ ድምፅ የሚከፈተው ክፍልም ቢሆን፣ እያንዳንዱ የሰርቨር አስተዳዳሪ ካልተቀበለው የትም አይደርስም። ከዚህም በላይ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ሁለት የአሪዞና ጠበቆች የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስታወቂያቸውን ከ5,000 በሚበልጡ ኒውስግሩፖች ላይ በአንድ ጊዜ እንደ በተኑት፣ በር የሌለውን ግቢ ነጋዴ እንደሚወርረው አይተን ነበር።

ክርክሩን የቆረጠው ግን አንዲት ፊደል ናት። የዚያ ዘመን ኢሜይል ሳያበላሽ ማስተላለፉ የሚታመንበት 128 ምልክት ብቻ ስለ ነበረ፣ ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደላችንን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባበጁት ሥርዓት በላቲን እንጽፍ ነበር፤ ትንሹ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁ ለ«ጠ»፣ ንጉሡ «ሠ» ደግሞ ከእሳቱ «ሰ» የሚለየው በአንዲት ተጨማሪ ምልክት ነበረ። በሚኒያፖሊስ የሚማር አንድ ወጣት ለፋሲካ ጉባኤ ቃና ቆጠረ፤ ሰሙ የፀሐይ መውጣት፣ ወርቁ የጌታ ትንሣኤ። ሲጽፈው ምልክቲቱን ዘለላትና «ሠረቀ» ያለው «ሰረቀ» ሆነ፤ በግእዝ የመጀመሪያው ወጣ፣ ሁለተኛው ሌብነት ነውና፣ ትንሣኤውን ያበሠረው ቅኔ ስለ ሌባ ፀሐይ የሚናገር ሆኖ ቀረ። ይህንኑ ለሙከራ ከአንድ ኒውስግሩፕ ላይ አኑሮት ስለ ነበረ፣ በማግሥቱ የማያውቃቸው ሰዎች ስድብና መሳለቂያ ጠበቀው።

በሜሪላንድ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩን፤ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፣ ልጃቸው መልእክቱን ሁሉ አትማ በፊደላችን ትገለብጥላቸዋለች። ያቺን ወረቀት በኋላ አይቻታለሁ፤ በእሳቱ «ሰ» ላይ በእርሳስ ለስላሳ መስመር ተሠምሮበት፣ ከበላዩ ንጉሡ «ሠ» ተቀምጧል። ለወጣቱ ስልክ አስደወሉና፣ «ልጄ፣ እሳቱን አንሣና ንጉሡን አስቀምጥ፤ ቅኔው ደኅና ነው» አሉት። «እሺ፣ የኔታ» ከማለት በቀር ልጁ ሌላ ቃል አልወጣውም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ተማሪ ከዛፍ ሥር ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ታርሞ ነው ማኅሌት የሚቆመው። ማኅበሩን መረጥን።

ነርሷን ግን አልዘነጋናትም፤ በየወሩ ከታረሙት አንዱን ቅኔ ከአድራሻችን ጋር በኒውስግሩፕ ላይ እናኖር ነበር። ከሮም አንድ የሥዕል ተማሪ፣ ከኢየሩሳሌም አንድ ዲያቆን በዚያች ቀዳዳ ገቡ። ሊስቱ ያደረበት የዩኒቨርሲቲ አካውንት ባለቤቱ ሲመረቅ ተዘግቶ መዝገቡ ሁሉ በጠፋ ጊዜም፣ እያንዳንዱ አባል በየኢሜይሉ ካስቀረው ቅጂ ሦስት ዓመት የተባለውን ቅኔ መልሰን ሰበሰብነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የመጀመሪያው በግእዝ ፊደል የተጻፈ መልእክት ደረሰን። የኔታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ እርሳሳቸውን እንደ ያዙ ፊደል በፊደል ተከተሉት፤ ንጉሡ «ሠ» ከነማዕርጉ መቀመጡን አዩ፣ አለፉት፣ ከሁለተኛው ቤት ላይ ቆሙና፣ «እዚህ ላይ ግን ቃናው ይሰብራል» አሉ።